ከመሳለሚያ እስከ ተክለ ሃይማኖት በእሳት አደጋ መኪና

ሰሚት፣ ገና ሳይነጋ

ማስታወሻዎቼን የሚያነብ ሰው ከእኔ የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ ተራራ ነው። ባሌ ወጥቼ ብርዱን፣ ጨንቻ ሄጄ ጭጋጉን፣ ጅንካ ወርጄ ሙቀቱን ጽፌያለሁ። የዛሬው መንገድ ግን በእግር ቢኬድ እንኳ ላብ የማያስወጣ ነው፤ ከመሳለሚያ ተነስቶ በመርካቶ ሆድ ውስጥ አልፎ ተክለ ሃይማኖት ላይ ያበቃል። እንዲያም ሆኖ እስካሁን ከሄድኩባቸው ሁሉ የረዘመብኝ እሱ ነው።

ሻንጣ አልያዝኩም። የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ ስወርድ ሕሊና ቀድማኝ ከበሩ ላይ ቆማለች። ሕሊና ከእኔ አንድ ፎቅ በላይ የምትኖር ጎረቤቴ ናት። ሥራዋ በከተማው አስተዳደር ውስጥ የከተማ ዲዛይን ባለሙያ ነው። የሥራ ቡትስ አድርጋለች፤ ጥቅል ወረቀት በብብቷ ይዛለች። እንደወትሮው ደህና አደርሽ እንኳ አላለችኝም።

"ሌሊት ዝናብ አልሰማሽም አይደል?" አለችኝ።

"አልሰማሁም።"

"ጥሩ። ጭቃ ከሆነ ያልቅልናል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማው የከተማ ዲዛይን ፖሊሲ አለው፤ ከፖሊሲው የወጣ መመሪያም አለው። መመሪያው ስለ አሮጌ የገበያ ሰፈሮች ከሚላቸው ነገሮች አንዱ፣ ማንኛውም የሱቅ ተራ፣ ሰው የሚሄድበትና የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት መተላለፊያ ይኑረው የሚል ነው። ወረቀት ላይ አንድ መስመር ናት። ከሶማሌ ተራ ጀርባ ያለ አንድ የድሮ ሱቆች ተራ ግን ይህቺን መስመር ማሟላት አቅቶት ዓመታት አስቆጥሯል። ስለዚህ ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንዱ ተራውን ጠቅላላ አንስቶ ለአዲስ ሕንፃ ማዘጋጀት ነው። ሌላው የሕሊና ነው፤ ተራው ይቆይ፣ በረንዳውና ሸራው ይሰብሰብ፣ ወጣ ወጣ ያሉት ማዕዘኖች ይቆረጡ፣ መሐሉ ይከፈት ይላል። ለዚህ የተራው ነጋዴ ሁሉ መፈረም ነበረበት፤ ፈርመዋል። አለቃዋ ሁለቱንም ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። መኪናው ይምጣ። በሥራ ቀን በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው ከወጣ ተራው ይቆያል፤ ካልወጣ ይነሳል።

ሕሊና ባለፈው ሰሞን ይህን ደረጃው ላይ ቆማ ስትነግረኝ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። መመሪያ የሚባል ነገር ወረቀት ላይ አይቼ አውቃለሁ። መሬት ሲነካ ምን እንደሚመስል ግን አይቼ አላውቅም። ልምጣ አልኳት፤ ነይ አለችኝ።

ታክሲ ውስጥ

ከመገናኛ ስንነሳ ሰማዩ ገና ግራጫ ነው። የአዲሶቹ መንገዶች መብራት አልጠፋም። በሰፊው የእግረኛ መንገድ ላይ ቱታ የለበሱ ሰዎች ይሮጣሉ፤ አንዲት ሴት ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳ አበባ ታጠጣለች። ሕሊና በመስኮት ታያለች።

"እዚህ ዲዛይን ማውጣት ቀላል ነው" አለችኝ። "ቦታ አለሽ። ሲጠብ ታሰፊዋለሽ። መርካቶ ግን እያንዳንዷ ክንድ ባለቤት አላት።"

ሹፌሩ በመስታወት አየን። "መርካቶን ልታፈርሱ ነው የምትሄዱት?"

"ላለማፍረስ ነው" አለች ሕሊና።

"ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው" አለና ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ።

ከፒያሳ ሌላ ታክሲ ያዝን። የታክሲው ጣራ ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ እግራችን ሥር የላስቲክ ጫማ የሞላ ማዳበሪያ አለ። መርካቶ ገና ሳይደርሱ ይጀምራል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ በስልክ ስለ አንድ ኮንቴይነር ቢያንስ በሦስት ቋንቋ ተከራከረ። ሕሊና ጥቅሉን ወረቀት ጭኗ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፍናለች፤ እንዳልተኛች ግን ከጣቶቿ ያስታውቃል።

መሳለሚያ፣ ጠዋት

መሳለሚያ ላይ ታክሲዎቹ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጥጠዋል። ረዳቶች ይጣራሉ። ብየዳ ቤቶቹ ሥራ ጀምረዋል፤ የተቃጠለ ብረት ሽታ ከትኩስ ዳቦ ሽታ ጋር ይመጣል። ጥግ ላይ ካለች ሻይ ቤት ሻይና ቦምቦሊኖ ወሰድን። ቦምቦሊኖው ካለፈው ጊዜ በአምስት ብር ጨምሯል፤ መጠኑ ግን ቀንሷል። ይህንንም አንድ ደንበኛ ለሻይ ቤቷ ባለቤት ነገራት። "ዘይት ግዛልኝና ላሳድገው" አለችው።

መኪናው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር። ቀይ ነው፤ አዲስ ነው፤ ጣራው ላይ መሰላል ተኝቷል። እኔ ሳየው ደስ አለኝ። ሕሊና ግን ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

"አሮጌው ይመጣል ብለውኝ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ይሄ ከፍ ይላል።"

"ስፋቱስ?"

"ስፋቱ አያሳስበኝም።"

አለቃዋ አቶ ግርማ ከመኪናው ጎን ቆመው ከሹፌሩ ጋር ያወራሉ። ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ጫማቸው በአቧራ የተሸፈነ ሰው ናቸው። ሕሊና አስተዋወቀችኝ። ለምን እሁድ ጭር ሲል እንዳላደረጉት ጠየቅኳቸው።

"እሳት እሁድን ጠብቆ አይነሳም" አሉኝ። "ባዶ መርካቶ ውስጥ መኪና ማሳለፍ ምን ያረጋግጥልኛል?"

ተራውን ማንሳት ይፈልጉ እንደሆነም ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡ። "ሰው ማስነሳት የሚፈልግ አለ ብለሽ ነው? እኔ የምፈልገው ሌሊት ስልኬ ሲጮኽ እንዳልደነግጥ ነው።"

ሹፌሩ በዛብህ ይባላል። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጥቂት ነው። ጋቢናው ውስጥ አንድ ቦታ አለኝ ብሎ በሩን ከፈተልኝ። ሕሊናና አቶ ግርማ በእግር ከፊት ቀደሙ።

ወደ ውስጥ

መርካቶን ሁሌ የማውቃት ከታች ሆኜ፣ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ነው። ከጋቢና ሲታይ ሌላ ከተማ ነው። የሰው ጭንቅላት ሳይሆን ሰው የተሸከመው ይታያል፤ የፕላስቲክ ወንበር ቁልል፣ የሳሙና ካርቶን፣ የተጠቀለለ ቆርቆሮ፣ ብቻውን የሚሄድ የሚመስል ቁም ሳጥን። ተሸካሚዎች "ከኋላ፣ ከኋላ" እያሉ ያልፋሉ። የሸራው ጥላ በሁለቱም በኩል ወርዶ መሐል ላይ የቀረው ሰማይ ቀበቶ ያክላል።

በዛብህ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ በአንደኛ ማርሽ ይጎተታል። ክላክስ አይነካም።

"ለምን አታሰማም?" አልኩት።

"ይሰማሉ። ግን ወዴት ይዙሩልኝ?" አለ። "አንዴ እዚህ ሰፈር ለእሳት መጥተን ጎማችን ሥር ጋሪ ነበር፣ ከጋሪው ፊት አይሱዙ፣ ከአይሱዙው ፊት ሌላ ጋሪ። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ቱቦውን ትከሻችን ላይ አድርገን በእግር ሮጥን።"

"ደረሳችሁ?"

"ደረስን" አለና መሪውን አዞረ። "ውኃው ግን ቱቦው እስከሚደርስበት ነው የሚደርሰው።"

አንድ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው መኪናውን ሲያይ ደጁ ላይ ቀና ብሎ አየሩን ማሽተት ጀመረ፤ የት ነው የተቃጠለው ብሎ ጎረቤቱን ጠየቀ። የትም እንዳልተቃጠለ ሲነገረው አላመነም።

ከሶማሌ ተራ ጀርባ፣ ረፋድ

ሶማሌ ተራን አልፈን የመኪና መለዋወጫ ሱቆቹ ሲያልቁ ተራው ተገለጠ። ከግንብና ከእንጨት የተሠሩ፣ ጣራቸው ቆርቆሮ የሆነ ሱቆች በሁለት ረድፍ ትይዩ ቆመዋል። መሐላቸው ሕሊና የከፈተችው መተላለፊያ ነው። ከፈተችው ስል ነጋዴዎቹ ናቸው የከፈቱት፤ ሸራቸውን ራሳቸው አወረዱ፣ በረንዳቸውን ራሳቸው አፈረሱ። ግድግዳው ላይ የድሮው በረንዳ ያረፈበት ቦታ እንደ ጠባሳ ይታያል። ሱቆቹ ደጅ ላይ ብርድ ልብስ፣ ክር፣ ስፖንጅ ፍራሽ፣ የፕላስቲክ ጨርቅ አለ። ከእነዚህ ውስጥ የማይቀጣጠል ፈለግኩ፤ አላገኘሁም።

ነጋዴዎቹ ሁሉ ወጥተው ቆመዋል። ሥራ የፈታ ግን የለም፤ አንዱ ቆሞ ገመድ ይቋጥራል፣ ሌላው ከደንበኛ ጋር ይከራከራል። መግቢያው ላይ ብርድ ልብስ የሚሸጡት እትዬ ብርቄ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከጉራጌ በልጅነታቸው መጥተው ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሱቁን ለብቻቸው የያዙ ሴት ናቸው። ሕሊና ስታልፍ እጇን ያዙአት።

"በልተሻል?"

"በልቻለሁ እትዬ።"

"ፊትሽ አይመስልም።"

በዛብህ ስፖኪዮዎቹን አጠፈና ገባ። በግራና በቀኝ የቀረው ክፍተት አንድ ክንድ ቢሆን ነው። እኔ ትንፋሼን ይዤ በአንድ ክር ነጋዴ ፊት አልፌ ሄድኩ፤ በመስኮቱ ተያየን። ከፊት አቶ ግርማ ወደ ኋላ እየተራመዱ ያያሉ። ሕሊና ከጎማው ጎን እየሄደች መሬቱን ሳይሆን ሽቅብ ታያለች። ያኔ ገባኝ። እኔም ቀና ብዬ አየሁ።

መተላለፊያው ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ የሐጂ ሸምሱ ሱቅ አለ። ሐጂ ከስልጤ መጥተው ስፖንጅ ፍራሽ ሲሸጡ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የሱቃቸው ማዕዘን ሕሊና ባወጣችው የዲዛይን ሥዕል መሠረት ሰያፍ ተቆርጧል። ከላይ ግን ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት ቆጥ ከግድግዳው ወጥቶ መንገዱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እስከ ጣራው ድረስ ፍራሽ ታጭቆበታል።

መኪናው መታጠፍ ሲጀምር ከላይ እንጨት ሲፋቅ ተሰማ። በዛብህ ቆመ። መሰላሉ ቆጡን ነክቷል። ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ መሪውን ሰበረ፣ እንደገና ሞከረ። እንደገና ነካ። ሞተሩን አጠፋ።

አቶ ግርማ ቀና ብለው ቆጡን አዩት፤ ከዚያ ሕሊናን አዩአት።

"አላለፈም" አሉ።

ሐጂ ሸምሱ ደጃቸው ላይ ቆመዋል። ሕሊና ወደ እሳቸው ሄደች። እኔም ከጋቢናው ወረድኩ።

"ሐጂ፣ ሥዕሉ ላይ ቆጡ የለም" አለቻቸው። "ተነጋግረን ነበር።"

"ተነጋግረናል" አሉ ሐጂ። "ከዚያ አንቺም ዝም አልሽ፣ እኔም ዝም አልኩ። ማዕዘኑን ስጥ አልሽኝ፣ ሰጠሁ። በረንዳውን ስጥ አልሽኝ፣ ሰጠሁ። ቆጡን ደግሞ ከሰጠሁ ዕቃዬን የት ላድርገው? ጭንቅላቴ ላይ ልሸከመው?"

አቶ ግርማ ደረሱ። "ሕሊና፣ ቆጡ እንዳለ ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

ሕሊና ጥቅሉን ወረቀት በሁለት እጇ ያዘች። "ብነግርዎት ሙከራው ይቀር ነበር። ሐጂን አጥብቄ ብጠይቅ ፊርማቸውን ያነሱ ነበር፤ የእሳቸው ፊርማ ከተነሳ ተራው በሙሉ ይሄዳል። አሮጌው መኪና በሥሩ ያልፋል ብዬ ነው።"

"እሳት ሲነሳ የትኛው መኪና እንደሚመጣ አንቺ አትመርጪም" አሉ አቶ ግርማ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ከዚያ ወደ በዛብህ ዞረው እስከ መቼ እንደሚቆይ ጠየቁት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተፈቅዶልኛል አለ።

"እኔም እስከዚያው እቆያለሁ" አሉ። "ከዚያ በኋላ የማየው ነገር የለም።"

መኪናው ወደ ኋላ ተስቦ መግቢያው ላይ ቆመ።

ቀትር

ከሰዉ መሐል አንድ ነጋዴ "በአንድ ሰው ቆጥ ሁላችን ልንነሳ ነው" ሲል ሰማሁት። እትዬ ብርቄ ከበርጩማቸው ሳይነሱ "ተው፣ ተው" አሉት። እሱም ተወ።

ሕሊና ሐጂ ሸምሱ ጋ ተመልሳ ሄደች። ልትለምናቸው መስሎኝ ነበር። "ዝም ማለቴ ልክ አልነበረም" ነው ያለቻቸው። "በግልጽ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር። ፈርቼ ነው።"

ሐጂ የመቁጠሪያቸውን ፍሬ በጣታቸው ገፉ። "እኔም ቀና ብላ አታይም ብዬ ነው" አሉ።

እትዬ ብርቄ የዛኔ ተነሱ። ጉልበታቸውን ይዘው፣ እያነከሱ፣ መተላለፊያውን ተሻግረው መጡና ሐጂ ደጅ ላይ ቆሙ። ስለ መመሪያም ስለ ተራውም አላወሩም።

"ሐጂ፣ የኋለኛው ተራ የተቃጠለ ዕለት በየት በኩል ነው ያወጡኝ?"

ሐጂ ቀና አሉ። "በጣራ ነዋ። በር የት ነበር?"

"በጣራ። ከቆርቆሮ ቆርቆሮ እየጎተቱ። ጫማዬ ወድቆ 'ተይው፣ ነይ' እያሉ።" እትዬ ብርቄ ወደ ጉልበታቸው ጠቆሙ። "ይሄ ጉልበት አሁን ጣራ አይወጣም።"

ሐጂ ሸምሱ ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው ግን ሳቁ ከፊታቸው ሄደ። የእትዬ ብርቄን ጉልበት አዩ፤ መተላለፊያውን እስከ ጫፉ አዩ፤ ቆጡን አዩ። አንድ ነገር ይላሉ ብለን ስንጠብቅ "ሶላት ደርሷል" ብለው ኮታቸውን አስተካክለው ወደ መስጊድ ሄዱ።

መጠበቅ የጉዞ ሁሉ ትልቁ ክፍል ነው። ጠበቅን። እትዬ ብርቄ ቆጮና ጎመን አስመጡ፤ በዛብህ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጦ በላ። አቶ ግርማ መጀመሪያ አልበላም አሉ፤ እትዬ ብርቄ "ሱቄን ሊያፈርሱ የመጡ ሰው ጾማቸውን አይሄዱም" ሲሏቸው ጎንበስ ብለው እጃቸውን ታጠቡ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩና ሕሊና ምን እንደምትሆን ጠየቅኳቸው።

"ጎበዝ ናት" አሉ። "እኔ በእሷ ዕድሜ የማወጣው ሥዕል ሁሉ ባዶ መሬት ላይ የሚሠራ ነበር። ሰው ያለበትን መንደር ለማስተካከል መሞከር ድፍረት ይጠይቃል። ችግሩ፣ ሰው ሲበዛ ሁሉንም ላለማስቀየም ትላለሽ። ዲዛይን ደግሞ አንዱን ማስቀየሙ አይቀርም።"

"ሐጂ ባይመለሱስ?"

"ያየሁትን እጽፋለሁ። አላለፈም ብዬ።" ጎመኑን ጠቅልለው ያዙት። "ጽፌ ደስ ይለኛል ማለቴ ግን አይደለም።"

ሕሊና ማዕዘኑ ላይ፣ ከቆጡ ሥር ለብቻዋ ቆማለች። ጥቅሉን ወረቀት አልከፈተችውም።

ከሰዓት በኋላ

ሐጂ ሸምሱ ሲመለሱ ሁለት ሰዎች ተከትለዋቸዋል፤ አንዱ ዲጂኖ፣ ሌላው መዶሻ ይዟል። ማንንም አላናገሩም። ኮታቸውን አውልቀው፣ በሁለት አጥፈው፣ ለእትዬ ብርቄ ሰጡ። ከዚያ መሰላል አስጠግተው ራሳቸው ወጡ። የሚከለክላቸው ነበር፤ አልሰሙም። የመጀመሪያውን ፍራሽ በእጃቸው ጎትተው ወደ ታች ለቀቁት።

ከዚያ በኋላ ማን እንዳዘዘ አላውቅም። ክር ነጋዴው ከታች ተቀበለ። ቅድም ያማረረው ሰው ሁለት ፍራሽ በአንዴ ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ወሰደ። ስፖንጁ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ሆኖ መተላለፊያው ውስጥ ይወርዳል።

"የት እናድርገው?" አለ አንዱ።

"እኔ ጋ ይግባ" አሉ እትዬ ብርቄ። "ብርድ ልብሱን ገፋ ገፋ አድርጉት።"

ሕሊና ቀረብ ብላ ከኋላ በኩል ተራው በጋራ ሊሠራው የታሰበውን መጋዘን ለሐጂ አስታወሰቻቸው። ፈቃዱ ካለ በሚቀጥለው ሳምንት ሥራው ይጀመራል አለች። "በሚቀጥለው ሳምንት ስትይ በሚቀጥለው ሳምንት ማለትሽ ነው?" አሉ ሐጂ ከመሰላሉ ላይ። ሕሊና አቶ ግርማን አየች። አቶ ግርማ "ካለፈ፣ በሚቀጥለው ሳምንት" አሉ።

ፍራሹ ሲያልቅ ሰዎቹ ሳንቃውን መንቀል ጀመሩ። ምስማሩ የድሮ ነው፤ እያለቀሰ ይወጣል። የመጨረሻው ወራጅ እንጨት ሲወድቅ አቧራው ሁላችንንም ሸፈነን። አቧራው ሲረጋ ማዕዘኑ ላይ ብርሃን ገብቶ ነበር። ከቆጡ ሥር የነበረው ግድግዳ ፀሐይ ሳያየው ስለኖረ ቀለሙ አልደበዘዘም፤ ብሩህ አረንጓዴ ነው። ሐጂ ቆመው አዩት። "እንዲህ ነበር ሁሉም" አሉ፤ ለማንም ሳይሆን።

በዛብህ ሞተሩን አስነሳ። እኔም ወደ ቦታዬ ወጣሁ።

በዚህኛው ዙር ከፊት ሆነው የመሩት ሐጂ ሸምሱ ናቸው። አቶ ግርማንም ሕሊናንም አላመኑም። ማዕዘኑ ላይ ቆመው፣ ዓይናቸውን ከመሰላሉ ሳያነሱ፣ በእጃቸው ና፣ ና፣ ቀስ እያሉ ጠሩት። አፍንጫው ዞረ። ሰያፉ ግድግዳ እኔ በተቀመጥኩበት በር በኩል አለፈ፤ እጄን ባወጣ አረንጓዴውን እነካው ነበር። መሰላሉ ከላይ ምንም አልነካም። የኋላ ጎማው ማዕዘኑን ሲጨርስ በዛብህ ለመጀመሪያ ጊዜ ክላክሱን ነካ፤ አንዴ፣ አጭር።

ፊት ለፊት መተላለፊያው ቀጥ ብሎ ይታያል። ጫፉ ላይ ታክሲዎችና ፀሐይ አሉ። በእግር የሚመጡ ሴቶች ወደ ግድግዳው ተጠግተው አሳለፉን፤ መጠጊያ ነበራቸው።

ተክለ ሃይማኖት

ወጣን። ዋናው መንገድ ላይ ታክሲ ክላክሱን አንጫረረብን፤ የእሳት አደጋ መኪና ከሱቅ መሐል ሲወጣ አይቶ አያውቅም። በዛብህ ዳር ይዞ ቆመና መሪው ላይ እጁን አሳረፈ። "ቱቦ መሸከም አሁን ሰልችቶኛል" አለኝ። ስለ ቀኑ የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው።

አቶ ግርማ በእግር ደረሱ። ላባቸውን ጠረጉ። ሕሊና ከኋላቸው ነው የመጣችው።

"ይቆያል" አሏት።

ሕሊና ራሷን ነቀነቀች።

"ስለ ቆጡ ግን ቢሮ እንነጋገራለን።"

"እሺ።"

"ቀጣዩ ተራ ከዚህ ይጠባል" አሉና መንገድ ተሻገሩ። ሕሊና የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የቡትሷን ማሰሪያ ፈታች። ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፣ ከዚያ እንደገና አሰረችው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምን እንደምታስብ ጠየቅኳት።

"ነገ ምን እንደሚሆን" አለችኝ። "ዛሬ ሁሉም ሰው እዚህ ነበር። መኪናው ነበር፣ አለቃዬ ነበሩ። ነገ ማን አለ? መርካቶ ነው። ባዶ ቦታ አያድርም።"

ወረቀቷን እትዬ ብርቄ ጋ ረስታው ስለነበር ለማምጣት በዚያው መተላለፊያ በእግር ተመለስን። ማዕዘኑ ጋ ስንደርስ አንድ አይሱዙ መግቢያው ላይ ቆሞ አየን። ጫኝና አውራጅ ጨርቅ የታሰረበትን ቦንዳ ትከሻው ላይ አድርጎ ገብቶ ማዕዘኑ ላይ፣ ልክ ጎማዎቹ የዞሩበት ቦታ ላይ ዘረገፈው። ሌላ ሊያመጣ ዞረ። ሕሊና ቆመች። አፏን ከፈተች፤ ግን ሐጂ ሸምሱ ቀደሟት። ከሱቃቸው ደጅ፣ አቧራቸውን ገና ሳያራግፉ ነው የመጡት።

"እዚህ አታውርድ" አሉት።

ሰውዬው ግራ ገባው። "ሐጂ፣ ሁሌ እዚህ አይደል እንዴ የማወርደው?"

"ድሮ ነው" አሉ ሐጂ፤ ጎንበስ ብለው የቦንዳውን አንድ ጫፍ ያዙና የእሱን እጅ ጠበቁ። "አሁን መንገድ ነው።"